ሰፈር የሚያውቀው ጋብቻ

አንባቢ ሆይ፤ ከሐረር ተነሥተህ ባቢሌን አልፈህ የካራማራን ተራራ ስትሻገር የጅጅጋ ሰፊ ሜዳ ይቀበልሃል። በዚህች ከተማም ሆነ በድንበሩ በቶጎ ውጫሌ ኒካሕ በሼክና በምስክሮች ፊት ይታሰራል፤ ጋብቻውንም ሰፈሩ ሁሉ ያውቀዋል። ይሁን እንጂ ባል አሜሪካን አገር፣ ሚስት ጅጅጋ ሲሆኑ የሰፈር ምስክርነት አይበቃም። ሚስቲቱ አዲስ አበባ ካለው ኤምባሲ ለቪዛ ቃለ መጠይቅ ስትጠራ የጋብቻና የልደት የምስክር ወረቀት፣ የሠርግ ፎቶግራፍ፣ የሐዋላ ደረሰኝ፣ ባሏ ሊጠይቃት የመጣበትንም የአውሮፕላን ቲኬት ይዛ መቅረብ ይኖርባታል።

ከሁሉ የሚያስቸግረው የቀን ነገር ነው። ኒካሑ በሂጅራ፣ የቀበሌው ወረቀት በኢትዮጵያ፣ ባልየው የሚያስገባው ማመልከቻ በአውሮፓ አቆጣጠር ሊጻፍ ይችላል። መስከረም 2010 በአውሮፓ 2017 ሲሆን፣ ሰኔ 2010 ግን 2018 ነው። ስምም እንዲሁ ነው፤ በሶማሊኛ የላቲን ጽሕፈት «ሐ» በኤክስ ስለሚጻፍ፣ በሌላ ወረቀት በኤች ከተጻፈ አንዱ መሐመድ ሁለት ሰው መስሎ ይታያል። እንዲህ ያለው ልዩነት እውነተኛውን ጋብቻ ሐሰት ያስመስለዋል፤ ባልና ሚስትንም በባሕር ማዶና ማዶ ለያይቶ ያቆያል።

እንግዲህ በመዝገብ ቤት የምትሠሩ ወንድሞቼና እኅቶቼ፤ ቀን ስትጽፉ የዘመን አቆጣጠሩን፣ ስም ስትጽፉ የፓስፖርቱን ፊደል ተመልከቱ፤ የአንድ ቤት ነገር በዚያች መስመር ላይ ነውና።