መድፈኞቹን በስልክ አትጥሯቸው

ፋንታሲ የማታውቁ ካላችሁ (ካላችሁ ደግሞ የታደላችሁ ናችሁ፤ ቅዳሜና እሑዳችሁ የራሳችሁ ነው) ነገሩ በአጭሩ እንዲህ ነው። የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ድረ ገጽ ላይ ስትመዘገቡ መቶ ሚሊዮን ፓውንድ ይሰጧችኋል። አትደንግጡ፣ የውሸት ነው። በዚያ ገንዘብ 15 ተጫዋች ትገዛላችሁ፤ 2 በረኛ፣ 5 ተከላካይ፣ 5 አማካይ፣ 3 አጥቂ። ከአንድ ክለብ ከ3 ሰው በላይ መውሰድ አይቻልም። እነሱ እንግሊዝ አገር ላባቸውን ሲያፈሱ እናንተ እዚህ ቁጭ ብላችሁ ነጥብ ትለቅማላችሁ። አጥቂ ሲያገባ 4፣ አማካይ ሲያገባ 5፣ ተከላካይ ሲያገባ 6። አምበል ያደረጋችሁት ሰው ያገኘው ሁሉ እጥፍ ይሆናል። ከጓደኞቻችሁ ጋር የአንድ ለአንድ ሊግ ከመሠረታችሁ ደግሞ በየሳምንቱ ሁለት ሁለት እየሆናችሁ ትገጥማላችሁ። ያሸነፈ 3 ነጥብ፣ አቻ የወጣ 1። ቀሪው ስድብ ነው።

የእኛ ሊግ 8 ሰው ነው። ስምንታችንም መሐል ሜዳ ያደግን፣ የአንድ ትምህርት ቤት አጥር የዘለልን ነን። ይህን የምናወራበት ጊዜ ላይ ሦስታችን አዲስ አበባ ነበርን። አንዱ ደብረ ብርሃን፣ አንዱ ሞላሌ፣ ሁለቱ እዚያው መሐል ሜዳ፣ አንዱ ደግሞ ግሼ ራቤል ያስተምር ነበር። መንዜ ሙግት ይወዳል ይባላል። እኛ አናስተባብልም። የድሮዎቹ በርስት ይካሰሱ ነበር፤ እኛ ደግሞ በሳካ ቦነስ ነጥብ እንካሰሳለን።

እንግዲህ ሐምሌ 28 ቀን 2015 ለአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የሞባይል ኢንተርኔት ጠፋ። ፕሪሚየር ሊጉ የሚጀምረው ደግሞ ነሐሴ 5፣ ዓርብ ማታ ነው፤ በርንሌይ ከማንቸስተር ሲቲ። በመሐል ያለው ልክ አንድ ሳምንት ነው። ቡድን መቀየር የሚቻለው የመጀመሪያው ጨዋታ ሊጀመር 90 ደቂቃ እስኪቀረው ስለሆነ የመጨረሻው ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 2:30 ሆነ። ሁሉም ሐምሌ ላይ ቡድኑን ሠርቷል፤ ግን ፋንታሲ የሚጫወት ሰው ሐምሌ ላይ የሠራውን ቡድን ነሐሴ ላይ አያምነውም። አምስቱ ጨለማ ውስጥ ናቸው፣ ሦስታችን አዲስ አበባ ኢንተርኔት አለን። ስልክ ሲፈልገው ይሠራል፣ ሲፈልገው አይሠራም።

ስለዚህ ጸሐፊ ሆንን። የአስመራጭ ኮሚቴ እንደማለት። በየተራ እየደወሉ የሚስጥር ቃላቸውን ነገሩን (የአንደኛው የሚስጥር ቃል የቀድሞ ፍቅረኛው ስም ነው፤ የማን እንደሆነ እንዳትጠይቁን) እኛም እየገባን የሚሸጠውን ሸጥንላቸው፣ የሚገዛውን ገዛንላቸው። ሐሙስ ማታ ግን ነገር መጣ።

«ስሙኝ፣ መድፈኞቹን ሦስት አድርጓቸው!» ይላል የሞላሌው ልጅ በሙሉ ድምፁ። መስመሩ ስለሚቆራረጥ ካልጮኸ አይሰማም። «ተከላካዩ ይቀነስ! ገንዘቡን ወደ ማጥቃቱ አዙሩት! አጥቂ ሁለት ትልልቅ እፈልጋለሁ!»

አርሰናልን መድፈኞቹ ማለት የስፖርት ጋዜጠኞቻችን ያወረሱን ነው፤ በደህና ጊዜ ማንም ልብ አይለውም። ያን ሳምንት ግን ልጁ ስልኩን የያዘው የልብስ ሰፊ ሱቅ ውስጥ ነበር። የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ሱሪ ሊያሳጥሩ የመጡ አንድ ሽማግሌ ሱሪያቸውን ሳይቀበሉ ወጡ። ልጁ በሹክሹክታ «ኳስ ነው እኮ» ሲል እኛም በስልኩ ውስጥ ሰማነው። ማን እንደሰማው ግን እንጃ።

መላውን ያመጣው የመሐል ሜዳው የእንስሳት ሐኪማችን ነው። ከዚያ ወዲያ በስልክ የሚወራው ሁሉ በግ ሆነ። የመንዝ በግ መቼም ስሙ የታወቀ ነው፤ ስለ በግ ሲያወራ የዋለ መንዜን ማን ይጠረጥራል? ሀላንድ «ትልቁ ሙክት» ተባለ። በረኛው «እረኛ»፣ ተከላካዮቹ «አጥር»፣ የተጎዳ ተጫዋች «ያነከሰ»። «የ14ቱን ሙክት ግዙልኝ፣ መሪም እሱው ይሁን» ማለት ሀላንድን በ14 ሚሊዮን ገዝታችሁ አምበል አድርጉልኝ ማለት ነው። ይህም ቢሆን ያለ እንከን አላለፈም። ወሩ ነሐሴ ነው፣ ፍልሰታ ተይዟል። የሐኪሙ ጎረቤት በጾም ይህን ያህል ሙክት የሚገዛው ለማን ሠርግ ነው ብለው ጠይቀውታል።

ለነገሩ ጨዋታው ሲወለድም ኢንተርኔት አልነበረውም። በ1980 (እ.ኤ.አ.) ዳንኤል ኦክረንት የሚባል አሜሪካዊ ጸሐፊና አርታኢ ከጓደኞቹ ጋር ለቤዝቦል የፈጠረው ነው። ስሙንም ከሚሰበሰቡበት የኒውዮርክ ምግብ ቤት ወስደው ሮቲሰሪ አሉት። ነጥቡን የሚቆጥሩት ጋዜጣ ላይ ከሚወጣው የጨዋታ ሠንጠረዥ በእርሳስ ነበር። ሰውየው ኋላ፣ በ2003፣ የኒውዮርክ ታይምስ የመጀመሪያው የአንባቢያን ተጠሪ ሆኗል። ጋዜጠኝነት ስንማር በፈተና ላይ ሥራ ላይ የሚውል የሙያችን ሰው ይህ ነበር፣ ማንም አልነገረን። የራሱን ሊግ አንድም ጊዜ አላሸነፈም ይባላል፤ ይህም የሙያችን ነው።

ዓርብ ማታ 4 ሰዓት ጨዋታው ተጀመረ። በ4ኛው ደቂቃ ሀላንድ አገባ። በ23ኛው ደቂቃ ኬቨን ደ ብሩይነ ጭኑን ይዞ ወጣ። በ36ኛው ሀላንድ ደገመ። ሮድሪ ሦስተኛውን ጨመረና 3 ለ 0 አለቀ። ሙክቱ 13 ነጥብ፣ አምበል ላደረገው 26።

ቅዳሜ አርሰናል ኖቲንግሃም ፎረስትን 2 ለ 1 አሸነፈ፤ የሞላሌው ልጅ ግን በ82ኛው ደቂቃ አዎኒዪ ባገባት ጎል የተከላካዩን 4 ነጥብ አጣ። በእሷም ምክንያት በደብረ ብርሃኑ ልጅ በ3 ነጥብ ተሸነፈ። ይህን በስልክ ለማርዳት ዕጣ ተጣጣልን። ሐኪሙ ኢሳክን ይዞ ስለነበር ኒውካስል አስቶን ቪላን 5 ለ 1 ሲቀጣ ወደ ላይ ተፈናጠረ። ነጥቡን እኛ እየነገርነው የበግ ክትባት በሚመዘግብበት ደብተር ጀርባ ላይ ይጽፍ ነበር። በአንድ በኩል ስንት በግ እንደተከተበ፣ በሌላው በኩል ስንት በግ እንዳገባ። ሰኞ ማታ ማንቸስተር ዩናይትድ በቫራን ጭንቅላት ዎልቭስን 1 ለ 0 አሸንፎ ሳምንቱ ተዘጋ። ስለ ሦስተኛው ግጥሚያ ብዙ አንልም፤ ሁለቱም መጥፎ ነበሩ።

አራተኛው ግጥሚያ የራቤሉ መምህር ከአዲስ አበባዎቹ ከአንዱ ጋር ነበር።

የራቤሉ ልጅ አልደወለም። እኛ ስንደውል ሴትዮዋ በትህትና እንደማይገኝ ትነግረናለች። ሠላሳ ጊዜ ደውለን ሠላሳ ጊዜ ነገረችን። በሊጉ ውስጥ ግን አለ። ሐምሌ ላይ የሠራው ቡድን እንዳለ ተሰልፏል፤ አምበሉ ሀላንድ፣ ስሙ «ጭላዳ ዩናይትድ»፣ ከስሙ ሥር ነጥብ እየቆጠረ። ፋንታሲ እንዲህ ነው፤ ባለቤቱ ይኑር አይኑር አይጠይቅም፣ ቡድኑ ይጫወታል። ቅዳሜ ማታ 40 ነበር። እሑድ 60 አለፈ። ሰኞ ማታ 78 ለ 61 አሸነፈን። የተሸነፈው ልጅ ስልኩን ይዞ ቁጥሯ ስትጨምር ያይ ነበር፤ በራሱ ላይ የምትጨምረውን ነጥብ እንደዚያ በጉጉት የሚጠብቅ ሰው አይተን አናውቅም።

ማክሰኞ ሐኪሙ የመምህሩን እናት ከቅዳሴ ሲመለሱ አገኛቸው። ገና ሰላም ሳይባባሉ «ልጄ ደወለላችሁ?» አሉት። ምን ይበል? አፉ ላይ የመጣው «ልጅዎ እኮ አሸነፈ፣ እማማ» የሚል ሆነ።

«ማንን?» አሉ፣ ክው ብለው።

«ኳስ ነው፣ ጨዋታ ነው» እያለ አስረዳቸው። 15 ተጫዋች፣ አምበል፣ ነጥብ… በትዕግሥት አዳመጡት። ከዚያ «ድምፁን ሰማችሁት ወይ?» አሉ። አልሰማንም አላቸው። «ሳይኖር እንዴት አሸነፈ ታዲያ?» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው ሄዱ። ሐኪሙ ይህን ሲነግረን እየሳቀ ጀመረ፤ መጨረሻው ላይ መስመሩ የተቋረጠ መስሎን «ሃሎ፣ ሃሎ» አልን። አልተቋረጠም ነበር።

ደ ብሩይነ ለወራት እንደማይመለስ የተሰማው በዚያው ሰሞን ነው። ደ ብሩይነ ደግሞ ጭላዳ ዩናይትድ ውስጥ አለ። ሁለተኛው ሳምንት ነሐሴ 12 ዓርብ ይጀምራል፣ የመጨረሻው ሰዓት 2:15 ነው፣ በሳምንት አንድ ዝውውር ደግሞ በነጻ ይፈቀዳል። የመምህሩን የሚስጥር ቃል እናውቀዋለን፤ ሐምሌ ላይ የተመዘገበው በእኛ ስልክ ነው። ያነከሰውን ሸጠን ጤነኛ እንግዛለት ወይስ አንንካ? ሐሙስ ማታ ሙግቱ ተጀመረ፤ አንዱን ስልክ ከሌላው እያጣበቅን ከአራት ቦታ።

እንሽጥለት ያሉት ክርክራቸው ቀላል ነበር። ጓደኛ ነው፣ በሌለበት መጎዳት የለበትም። ለአራታችሁ አድርገን የለም ወይ? አዎ፣ ግን አራቱ ደውለዋል። የደብረ ብርሃኑ ልጅ ተቆጣ። «ሰው ሳይጠየቅ በንብረቱ የሚገባው መቼ ነው?» አለ። «ንገሩኝ፣ መቼ ነው?» ማንም አልመለሰለትም። የመስመሩ ሹሹታ ብቻ ይሰማል። ከሦስታችን አንዷ ገጹን ከፍታ፣ የደ ብሩይነ ስም ላይ ጣቷን አድርጋ ነበር፤ አነሳችው።

ሐኪሙ ነው በመጨረሻ «እንደ ጓሳ ይከለል» ያለው። መንዝ ላልሆናችሁ፣ ጓሳ ከመሐል ሜዳ አለፍ ብሎ ያለ የደጋ ሣር ምድር ነው፤ ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ያለበት። አባቶቻችን በቄሮ ሥርዓት ለብዙ መቶ ዓመታት ጠብቀውታል። ሣሩ ለዓመታት ይከለላል፤ እስኪከፈት ድረስ ከብት አይገባም፣ ማጭድ አይገባም፣ ሣሩ ቢያምርም ቢደርቅም አይነካም። ሁላችንም ተስማማን። በሙግት ታሪካችን ስምንታችን (ሰባታችን ማለት ነው) የተስማማንበት ይህ ብቻ ነው። ዓርብ 2:15 ሲሞላ ሰዓቱን አየን፤ ደ ብሩይነ እንዳነከሰ ተሰለፈ። እሱ ሜዳ ስላልገባ ተጠባባቂው ተከላካይ በራሱ ገባለት። በሦስተኛውም ሳምንት እንዲሁ። በአራተኛውም እንዲሁ።

ጳጉሜን 3 ከሰዓት በኋላ ከማናውቀው ቁጥር ተደወለ። ራቤል ነበር፤ አልታመመም፣ አልተጎዳም፣ የጠፋው ኔትወርኩ ነው። እናቱን ቀድሞ አግኝቷቸዋል። «እንዴት ናችሁ?» እንኳ ሳይለን ያቺ የመንዝ ሙግቱ መጣች። ደ ብሩይነ መጎዳቱን በሬዲዮ ሰምቷል። ሰን ነሐሴ 27 በርንሌይ ላይ ሦስት ማግባቱንም ሰምቷል።

«እኔ ደ ብሩይነን ሸጬ ሰንን እገዛ ነበር!» አለ። «የሚስጥር ቃሌን እያወቃችሁ፣ አራት ሳምንት ሙሉ አንካሳ አሸክማችሁኝ ዞራችሁ? ልዩነቱ ይታሰብልኝ! እከሳለሁ!»

ሐኪሙን በሌላ ስልክ አስገባነው። ክሱን በጽሑፍ እንዲያቀርብ ወሰነ። ኢንተርኔት ስለሌለው በቃል አነበበልን፤ አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ እያለ፣ ሊያገኝ ይችል የነበረውን ነጥብ በየሳምንቱ እየደመረ። 11 ደቂቃ ፈጀ። ማንም አላቋረጠውም።