የደም ምርመራ ወረቀት አምጪ



ቂርቆስም ካዛንቺስም ያደግን ልጆች እናውቀዋለን፤ የቤት ሠራተኛ ስትቀጠር ደላላ ይጠራል፣ ዋስ ይጠየቃል። አንዳንድ ቤት ደግሞ «የደም ምርመራ ወረቀት አምጪ» ትባላለች። ቫይረሱ በደሟ ከተገኘ በዚያው ትሸኛለች።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ በኤች አይ ቪ ምክንያት በሠራተኞች መካከል ልዩነት እንዳያደርግ ይከለክላል። ይህ የሆቴሉንና የፋብሪካውን ሠራተኛ ይጠብቃል፤ በግለሰብ ቤት የምትሠራዋን ግን አዋጁ አይሸፍናትም። ስለዚህ የቀጣሪዎቿ ኢማን ሊጠብቃት ይገባል። ቀጣሪዎቹ ደግሞ የእኛው ቤተሰቦች ናቸው።

እናቶቻችን የሚፈሩት ለልጆቻቸው ነው። ፍርሃታቸውን ሳንንቅ በእርጋታ እናስረዳቸው። ኤች አይ ቪ ምግብ በማብሰል፣ ልብስ በማጠብ፣ ልጅ በማቀፍ አይተላለፍም። መድኃኒቱን በአግባቡ ወስዶ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ ላይ የቆየ ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት እንኳ አያስተላልፍም።

መድረሳ ስንቀራ አማና ምን እንደሆነ ተምረናል። የሰው የጤና ምስጢርም አማና ነው። ለእረፍት ቤት ስንገባ ይህን ወሬ ራሳችን እናንሳው፤ አዲስ ሠራተኛ ስትመጣ ስለ ሙያዋና ስለ ጠባይዋ ይጠየቅ፣ ስለ ደሟ ግን አይጠየቅ። ኢንሻአላህ ይሰሙናል።