ገጠመ ማለት ያው ነው ማለት ነው?

ባሕር ዳር ሲነሳ ዘንባባውና የጣና ነፋስ ይነሳል። የከተማው ልጅ ግን ሌላም ነገር ያውቃል፤ የግራይንደር ጩኸት። በርና መስኮት የሚበይደውም፣ የጀልባ ብረት የሚጠግነውም፣ አጥር የሚሠራውም ያው አንድ ጩኸት ነው የሚያሰማን። ለጆሮ ሁሉም እኩል ነው። ለኪስ ግን አይደለም፤ የአንዱ ዋጋ የሌላውን እጥፍ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ነው።

እና እኔ የምለው... ልዩነቱ ምኑ ላይ ነው? መቼም ቀለሙ ላይ ነው አትሉኝም። ጣና ዳር ታንኳ የሚገዛ ሰው ደንገሉን ዳብሶ፣ እስሩን ጎትቶ ያያል። ግራይንደር ግን ፕላስቲክ ለብሶ፣ ስሙን ደረቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚመጣው። ሆዱን ማን አየው?

ስሙም ቢሆን ያወናብዳል። ብላክ ኤንድ ዴከር ዲዋልትን የገዛው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። በ2010 ደግሞ እሱ ራሱ ከስታንሊ ጋር ተዋሃደ። እንግዲህ መደርደሪያ ላይ ተፎካካሪ መስለው የሚፋጠጡት ሦስት ስሞች የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ነው። በአሜሪካዊነቱ የሚታወቀው ሚልዋኪ ከ2005 ጀምሮ የሆንግ ኮንጉ ቲቲአይ ንብረት ነው። የምናውቀው የሂታቺ ድሪልም ከ2018 ወዲህ ሃይኮኪ ተብሏል። የአንድ ቤት ልጆች ሆነው ደግሞ እኩል አይደሉም። ቦሽ ራሱ አረንጓዴውን ለቤት፣ ሰማያዊውን ለባለሙያ ብሎ ለይቶ ነው የሚሠራው። ስሙ አንድ፣ ጉልበቱ ሁለት!

እውነቱን የሚያውቀው ሻጩ ሳይሆን የሚፈታው ሰው ነው። ሞተር የሚጠቀልሉ አንድ ጋሼ አሉ። ጠረጴዛቸው ላይ የአራት የአምስት ድርጅት ግራይንደር ሆዱ ተዘርግፎ ይታያል። «የማን ነው አትበለኝ፤ ምን ዓይነት ካርቦን ነው የሚበላው በለኝ» ይላሉ። እውነታቸውን ነው። 608 የሚባለው ኩሽኔታ ቀዳዳው 8፣ የውጭ ስፋቱ 22፣ ውፍረቱ 7 ሚሊ ሜትር ነው። ጀርመን ተሠራ ቻይና፣ ልኩ ይኸው ነው። የቦሽ «ሁለት ሃያ ስድስት» የኮንክሪት መብሻማ እጅግ ብዙ ጊዜ ተቀድቷል። በሱ ስም የሚሸጠው አርማቸር ስማቸውን ሰምተን ለማናውቃቸው ድሪሎችም ይገባል።

ይህ ነገር ለኛ በረከት ነው። መለዋወጫ ባይጋሩ ኖሮ ተበድሮ ሥራ የጀመረ ወጣት አንዲት ካርቦን ባለቀች ቁጥር አዲስ ዕቃ ሊገዛ ነበር። አሁን ግን ከሁለት ሬሳ አንድ ነፍስ ይወጣል።

ግን እናንተዬ፣ «ይገጥማል» የምትለዋ ቃል አደገኛ ናት። ልኩ አንድ ይሁን እንጂ ሥጋው አንድ አይደለም። ርካሹ ጥቅልል አንዳንዴ መዳብ መስሎ የተቀባ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ አቅሙ ከመዳብ 60 በመቶ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ውፍረት ያንኑ ሥራ ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። ጥሩ ካርቦን ሲያልቅ ራሱ ሥራ የሚያቆም መሣሪያ ውስጡ ሊኖረው ይችላል። ይህ የሌለው ግን እስኪያልቅ ይሠራና የአርማቸሩን መዳብ ይፍቀዋል። ጥርሱም እንደዚያው ነው፤ ብረቱ በደንብ ካልጠነከረ በጥቂት ወር ይላጫል። ከውጭ ሲታዩ ግን መንትዮች ናቸው።

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ደግሞ ዲስኩ ነው። የ115 ሚሊ ሜትር ዲስክም፣ የ230ውም መሃል ቀዳዳቸው አንድ ነው፤ 22.23 ሚሊ ሜትር። ስለዚህ መከላከያውን ፈታ አድርጎ ትልቁን ዲስክ ትንሹ ግራይንደር ላይ መግጠም ይቻላል። ይገጥማላ! ነገር ግን ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ 11,000 ጊዜ ገደማ ይዞራል፤ ትልቁ ዲስክ የሚችለው ደግሞ 6,600 ገደማ ነው። ከዚያ በላይ ሲዞር ሊበታተን ይችላል። ለካርቦን መለዋወጫ አለ፣ ለኩሽኔታ አለ። ለዓይን ግን የለም።

ርካሽ አትግዙ እያልኩ አይደለም። በወር አንድ ቀን ለሚቆርጥ ሰው ርካሹ ይበቃዋል። ቀኑን ሙሉ ለሚቆርጥ ግን ርካሽ የሚመስለው ዕቃ ሥራ ባስፈታው ቀን ሁሉ ይወደዳል። ትልቅ ስም ያለውም መለዋወጫው ከተማው ውስጥ ከሌለ ከጌጥ አያልፍም።

አንድ ነገር ልጨምር። ማኪታ እ.ኤ.አ. በ1915 ጃፓን፣ ናጎያ ውስጥ ሲቋቋም መብራትና ሞተር የሚሸጥና የሚጠግን ቤት ነበር። የሌሎችን ሞተር እየፈታ ነው የራሱን ወደ መሥራት የደረሰው። እኛ ግን ጠጋኞቻችንን የምናስታውሳቸው ዕቃው ሲቃጠል ነው። ከመግዛታችን በፊት ብንጠይቃቸው ምን ነበረበት? የትኛው ቶሎ እንደሚመለስ፣ የትኛው ዓመት እንደሚቆይ ከነሱ በላይ ማን ያውቃል?

እስከዚያው ሱቅ ስትገቡ ሦስት ነገር ጠይቁ። ካርቦኑ እዚሁ ይገኛል? ጥቅልሉ መዳብ ነው? መከላከያው አብሮት አለ? ሻጩ «አይዞህ ይገጥማል» ካላችሁም፣ «መግጠሙንስ ይግጠም፤ ይቆያል ወይ?» በሉት።