ከሰሉ ሲሞላስ?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ ቡና እየጠጣን አንዱ ተማሪዬ «ቲቸር፣ የውሃ ማጣሪያ ከሰል ይቀየራል እንዴ? እኔ ከገዛሁት ሁለት ዓመት ሞላኝ፤ ውሃው ግን ኩልል እንዳለ ነው» አለኝ። ትንንሽ ልጆች አሉት። የነገርኩትን ለሁላችሁም ልጻፈው።

አድሶርፕሽንን ታስታውሳላችሁ አይደል? ስፖንጅ ውሃን ወደ ውስጡ ይመጥጣል፤ ከሰል ግን የያዘውን ገጹ ላይ ነው የሚለጥፈው። ቡና ሲፈላ የታጠነ ነጠላ በነጋታውም ዕጣን ዕጣን የሚለው ለዚህ ነው። ልብ በሉ፦ ከሸተታችሁ እየለቀቀው ነው ማለት ነው።

የማጣሪያ ከሰል እንደ ማገዶው አይደለም። በከፍተኛ ሙቀትና በእንፋሎት ወይም በኬሚካል ውስጡ እንደ ወንፊት ይበሳሳል። የ1 ግራሙ ገጽ ተዘርግቶ ቢለካ 1,000 ካሬ ሜትር ሊደርስ ይችላል። 7 ግራም ማለት አንድ የኳስ ሜዳ ማለት ነው! ግን ሜዳም ይሞላል። ሲሞላ አዲስ የመጣው ዝም ብሎ ያልፋል፤ የተያዘውም ሊለቅ ይችላል። ዓይን ይህን አያይም። ከሰል ጀርም አይገድልም፤ እንዲያውም ባክቴሪያ ሊራባበት ይችላል። ስለዚህ አምራቹ ባለው ጊዜ ቀይሩት፤ ውሃው ካጠራጠራችሁ አፍሉት።

በስምጥ ሸለቆ ጥርስ የሚያበልዘውን፣ ሲበዛም አጥንት የሚጎዳውን ፍሎራይድ ለመያዝ የከብት አጥንት ከሰል ሥራ ላይ ውሏል። የዓለም ጤና ድርጅት ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። የአጥንት ከሰሉም ሲሞላ ወይ ይቀየራል፣ ወይ በኬሚካል ታጥቦ ይታደሳል።

ቁልቁል ኮምቦልቻ ስንወርድ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። የጨርቃ ጨርቅ ቀለምና የቆዳ ማልፊያ ክሮም በከሰል፣ በቡና ገለፈትም ጭምር ከፍሳሽ ሊያዝ ይችላል፤ በዩኒቨርሲቲዎቻችን ብዙ ተሠርቶበታል። ተያዘ ማለት ግን ጠፋ ማለት አይደለም። ክሮም የሞላው ከሰል የት ይጣላል? ቦርከና ዳር ከተደፋ ክረምት ሲመጣ ጎርፉ ወንዙ ውስጥ ይከተዋል። በዚያ ውሃ ደግሞ ከብት ይጠጣል፣ አትክልት ይለማል።

ውሃና ፋብሪካ ላይ የምትሠሩ ልጆቼ፣ «ስንት ያዘ?» ብቻ ሳይሆን «ሲሞላስ የት እናድርሰው?» በሉ። ቤታችሁ ማጣሪያ ያላችሁ ደግሞ የቀየራችሁበትን ቀን ላዩ ላይ ጻፉበት። ዛሬውኑ!