ምስክር ያለው ዕቃ

ዕቃ የሚገዛ ሰው ሁሉ ሁለት ዋጋ አለበት፤ አንደኛው በገበያ የሚከፈለው ነው፥ ሁለተኛው ግን ዕቃው በተፈለገበት ሰዓት የሚከፈለው ነው። ሰውም ስለ ፊተኛው ዋጋ አጥብቆ ይከራከራል፤ የኋለኛውን ግን ሳይከራከር ይከፍላል።

በንፋስ መውጫ አንድ ባለመኪና ነበረ፤ ኑሮውም ከዚያ እስከ ደብረ ታቦር ሰው በማመላለስ ነበረ። አገሩ ስሙ እንደሚናገረው ነፋስ የማይለየው፥ ከፍታውም 3000 ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው። በእንዲህ ያለ ስፍራ የናፍጣ ሞተር በንጋት በቀላሉ አይነሣም። የናፍጣ ሞተር እሳቱን የሚያገኘው አየርን አምቆ በማጋል ነውና፥ አየሩ ሲሳሳና ሲበርድ ግለቱ ያንሳል፤ ዘይቱም ይወፍራል፤ ባትሪውም ይደክማል። የዚህ ሁሉ ሸክም የሚወድቀው በሞተሪኖው ላይ ነው። ሞተሪኖ ማለት ቍልፍ በተጠመዘዘ ጊዜ ከባትሪው ኃይል ተቀብሎ፥ ትንሽ ጥርሱን ወደ ቮላኖው ጥርስ ሰድዶ ሞተሩን የሚያዞር መሣሪያ ነው። ቀድሞ ሞተር የሚነሣው በእጅ በሚዞር ብረት ነበረ፤ ብረቱም ወደ ኋላ እየመታ የብዙ ሰው ክንድ ሰብሯል። ይህ ድካም መቅለል የጀመረው እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1912 ካዲላክ የሚባለው የአሜሪካ መኪና በኤሌክትሪክ የሚነሣ ሆኖ ከተሠራ ወዲህ ነው።

ባለመኪናውም ሞተሪኖው በደከመ ጊዜ ወደ ገበያ ሄዶ ርካሹን መረጠ። መልኩ ያማረ፥ ቀለሙም የሚያብረቀርቅ ነበረ፤ ማን እንደ ሠራው የሚናገር ጽሕፈት ግን አልነበረበትም፤ ሻጩም ደረሰኝ አልሰጠውም። ጥቂት ወራት አገለገለ። ከዚያ በኋላ ውርጭ በወረደበት አንድ ንጋት፥ ምጥ የጠናባትን ሴት ወደ ደብረ ታቦር ሊያደርስ ቍልፉን ቢያዞር ሞተሪኖው «ቀጭ» ብሎ ዝም አለ። ሁለተኛም ቢያዞር እንደዚያው ሆነ። የሴቲቱ ባል ወርዶ ገፋ፤ ጎረቤቶችም ጋቢያቸውን ጥለው ገፉ፤ በብዙ ድካም መኪናዋን ወደ ቍልቍለቱ ካደረሷት በኋላ ሞተሩ ተነሣ። እናቲቱም በሰላም ተገላገለች። ባለመኪናው ግን በመንገድ ሁሉ አንድ ቃል አልተናገረም።

በማግስቱ ወደ አንድ ሽማግሌ መካኒክ ሄዶ፥ «ጋሼ፥ ከእንግዲህስ አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ድረስ ወርጄም ቢሆን ኦርጅናሉን ነው የምገዛ» አላቸው። ሽማግሌውም፥ «ልጄ፥ ኦርጅናል ብሎ በካርቶን ላይ መጻፍ ምን ያስቸግራል? ሐሰተኛውም ይጽፈዋል። ይልቅስ አሮጌውን የት ጣልከው?» ብለው ጠየቁት። አሮጌው ከጓሮ ወድቆ ነበረ። አስመጥተው ቢፈቱት የመዳብ ጥቅሉ ደኅና ሆኖ ተገኘ፤ ያለቁት ካርቦኖቹና ዘንጉ የሚቀመጥበት የነሐስ ቀለበት ብቻ ነበሩ።

የነገሩ እውነት ይህ ነው። ኦርጅናል የሚባለውን ዕቃ ሁልጊዜ መኪናውን የሠራው ኩባንያ ራሱ አይሠራውም። የብዙ ቶዮታ መኪናዎችን ሞተሪኖ የሚሠራው፥ እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1949 ከቶዮታ ተለይቶ የቆመው ዴንሶ ነው። ሠሪው ያንኑ ዕቃ በራሱ ካርቶን ሲሸጠው ዋጋው ብዙ ጊዜ ይቀንሳል። በገዛ ስማቸው እየሠሩ ለሥራቸው ዋስትና የሚሰጡ ሌሎችም አሉ፤ እነዚህን ከስም የለሹ ጋራ አንድ አድርጎ መናቅ ትክክለኛ ፍርድ አይደለም።

ይህን ነገር የጋይንት ሰው ከማንም ይልቅ ሊያስተውለው ይገባል። በአገሩ ያለችው ቤተ ልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናትና። ተማሪ የሚይዘው ድጓ ሁሉ ከሌላ ድጓ የተገለበጠ ነው፤ ነገር ግን ግልባጭ ስለ ሆነ የሚንቀው የለም። በመምህር ፊት ቀርቦ፥ ፊደሉና ምልክቱ ታርሞ ከተመሰከረለት ይታመናል፤ ያልተመሰከረለት ግን ቀለሙ ቢያምር፥ ብራናውም ቢነጣ ዜማ ያስታል።

ስለዚህ ሞተሪኖ የሚለውጥ ሰው አስቀድሞ ጥፋቱ የሞተሪኖው መሆኑን ይመርምር፤ የላላ የባትሪ ገመድ ብዙ ጊዜ ደኅናውን ሞተሪኖ ያስወቅሳልና። ሁለተኛም አሮጌው ይታደስ እንደ ሆነ ይጠይቅ። ሦስተኛም አዲስ የሚገዛ ከሆነ የጥርሱን ቍጥር፥ የብሎኑን ቀዳዳ፥ 12 ወይም 24 ቮልት መሆኑን ከአሮጌው ጋራ ያስተያይ፤ ገንዘቡንም ከመክፈሉ በፊት በባትሪ አስነሥቶ ይየው። ከሁሉም በላይ፥ «ቢበላሽ የሚመልስልኝ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቅ። መልስ ያለው ዕቃ ግልባጭም ቢሆን ይገዛል፤ መልስ የሌለው ግን ኦርጅናል ተብሎም ቢሆን ይቀራል።

ባለመኪናውም የታደሰውን አሮጌ ሞተሪኖ አስገጠመ፤ በተረፈውም ገንዘብ አዲስ ባትሪ ገዛበት። ያን ንጋት ግን አልረሳውም። የኋለኛውን ዋጋ ብዙ ጊዜ የሚከፍለው የገዛው ሰው ሳይሆን ከኋላ የተቀመጠው መንገደኛ ነውና።