በረዶ የመታው ጓሯችን

በየካምፑ ያላችሁ ቤተሰቦች ከቤታችሁ ጎን አንድ ሁለት መደብ ጎመን እንደማታጡ እናውቃለን። ስለዚህ እዚህ ካምፓላ ከደረሰብን ነገር የተማርነውን ልናካፍላችሁ ወደድን።

የምንኖረው ካባላጋላ ነው። ሐበሻ የሚበዛበት፣ የቡና ሽታ መንገድ ላይ የሚቀበልበት ሰፈር ነው። መሬት ግን የለም። እኛም እንደ ከተማው ሰው አሮጌ ጆንያ አፈር ሞልተን፣ ጎን ጎኑን በስተን ጎመን፣ ቃሪያና ቲማቲም ተከልን። ጥግ ላይ ደግሞ ከአገር ልጅ የተሰጠችን አንዲት ጤና አዳም አለች።

አምና በጥቅምት ነው። ፀሐይዋ አናት ስትበሳ ውላ ከሰዓት በኋላ ሰማዩ በቪክቶሪያ ሐይቅ በኩል ጠቆረ። ዝናብ ነው ብለን የታጠበ ልብስ ብቻ አስገባን። ወዲያው ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ይመታ ጀመር። በረዶ! ልጆቹ ሊለቅሙ ሮጡ፤ እኛ በር ላይ ቆመን ቀረን። ሩብ ሰዓት እንኳ አልቆየም። ሲያባራ ጎመኑ ተበጣጥሷል፣ የቲማቲሙ ቅርንጫፍ ወድቋል፣ ጤና አዳሟም ከወገቧ ተሰብራለች።

እኛ ደብረ ብርሃን መምህርነት ስንማር የለመድነው ውርጭን ነው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ግድም ናት፤ ከጥቅምት ጀምሮ ውርጭ ባቄላውን ሲያጠወልገው አይተናል። ውርጭ ግን ምልክት አለው። ሰማዩ ጥርት ብሎ ነፋሱ ካረፈ ሰው ማታውኑ ችግኙን በሣር ይሸፍናል፤ ጠዋት ፀሐይ ሲሞቅ ይገልጣል። ካምፓላ ግን 1,200 ሜትር ግድም ናት፤ የምድር ወገብም ሩቅ አይደለም፣ በማሳካ መንገድ ካያብዌ ላይ ያልፋል። ውርጭ የለም ብለን ተዘናጋን። በረዶው ለካ የሚሠራው ላይ ነው! ምድር ስትግል እርጥብ አየር ሽቅብ ይወጣል፤ በጣም ከፍ ሲል ውሃው ይረጋል፤ ሲከብድ ይወርዳል። ምድር ወገብ አጠገብ ያለው የሩዌንዞሪ ተራራም 5,109 ሜትር ላይ በረዶ የሚይዘው ከፍታው ስለሆነ ነው።

በንዴት የተመታውን መንቀል ጀመርን። ግማሹን ነቅለን ጥለን ነበር፣ ጎረቤታችን ጃጃ ደረሱ። ጃጃ በሉጋንዳ አያት ማለት ነው፤ ሰፈሩ ሁሉ እንዲህ ይላቸዋል። እጃችንን ይዘው «ተዉ እንጂ! ሥሩ መች ሞተ?» አሉን። የእሳቸው ችግኝ ደኅና ነበር። ደመናው ሲጠቁር አይተው ቀጫጭን እንጨት ጎብጥ አድርገው ተክለው፣ በላዩ የሙዝ ቅጠል ደርበው ነበር። ቅጠሉ ተበጣጠሰ፤ ችግኙ ተረፈ።

ያሉንን አደረግን። በረዶውን ከግንዱ ሥር ጠረግን፣ የተሰበረውን በስለት ቆረጥን፣ የጠጠረውን አፈር ቀስ ብለን ኮተኮትን። በሦስተኛው ሳምንት ጎመኑ አዲስ ቅጠል አወጣ። የነቀልነው ግን በከንቱ ቀረ።

እናንተም ዝናቡ ሳይገባ እንጨቱን ተክላችሁ ጠብቁ፤ ደመና ሲጠቁር መሸፈን ብቻ ይቀራችኋል። የሙዝ ቅጠል ከሌለ አሮጌ ጆንያ ወይም የሣር ምንጣፍ ይበቃል፤ ቅጠሉን እንዳይጫነው ከፍ አድርጉት፣ ዝናቡ ሲያባራም አንሱት። የወባ አጎበር ግን አደራ! መድኃኒት የተነከረ ነው፤ ቦታውም የልጆች መኝታ ላይ ነው።

ጤና አዳሟ ከተሰበረችበት በታች ሁለት ቅርንጫፍ አውጥታለች። እሑድ እሑድ ለቡናችን ከእሷ እንቀነጥባለን፤ የመጀመሪያው ስኒም የጃጃ ነው።

ቸር ይግጠመን።