«ብርዱ ነው» ያለችውን እናት ስሟት

አገራችን ውስጥ ብርድ ያልተከሰሰበት በሽታ የለም። ወገብ ቢያም ብርድ፣ ሆድ ቢቆርጥ ብርድ፣ ፊት ቢጣመም ብርድ። ከመብዛቱ የተነሳ ብዙ ሐኪም ቃሉን ሲሰማ ፈገግ ብሎ ያልፋል። አንዳንዴ ግን እውነትም ብርድ ነው።

የእህቴ ልጅ ስምንት ዓመቷ ነው፤ የምትኖረው ደብረ ብርሃን ነው። ባለፈው ኅዳር፣ ጠዋት ትምህርት ቤት ደርሳ ክፍል ስትገባ ጉንጯና እጇ ላይ ትንኝ የነከሳት የሚመስል ሽፍታ ይወጣባትና ያሳክካት ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል፤ ሐኪም ፊት ስትቀርብ ቆዳዋ ንጹሕ ነው። አንዱ የእከክ ቅባት፣ ሌላው አንቲባዮቲክ አዘዘላት። ሦስተኛው እንቁላልና ወተት ከለከላት። እናቴ ገና ከጅምሩ «ብርዱ ነው እኮ» ብላ ነበር።

አራተኛው ሐኪም መድኃኒት ከመጻፉ በፊት «መቼ መቼ ነው የሚወጣባት?» ብሎ ጠየቀ። ከዚያ በረዶ አስመጣ። በላስቲክ ጠቅልሎ ክንዷ ላይ 5 ደቂቃ አስቀመጠና አነሳው። ቆዳዋ መልሶ ሲሞቅ፣ 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ፣ በረዶው ያረፈበት ቦታ ብቻ ቀልቶ አበጠ። ምርመራው ይኸው ነው።

ሕመሙ ኮልድ ኧርቲኬሪያ ይባላል። ቆዳ ሲቀዘቅዝ አንዳንድ ሴሎች ሂስታሚን ይለቃሉ፤ እብጠቱና ማሳከኩ የሚመጣው ከዚያ ነው። እንደ ሴትሪዚን ያሉ ርካሽ መድኃኒቶች ብዙዎችን ይረዳሉ። ግን የሚናቅ አይደለም። ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ የገባ ልጅ መላ አካሉ በአንዴ ስለሚቀዘቅዝ ደም ግፊቱ ወርዶ ራሱን ሊስት፣ ሊሰምጥም ይችላል። አይስክሬም ከንፈርና ጉሮሮ ሊያሳብጥ ይችላል። ኦፕራሲዮን የሚደረግ ልጅ ከሆነም ለሐኪሞቹ አስቀድሞ መነገር አለበት።

ወላጆች፣ የበረዶውን ምርመራ ቤት አትሞክሩት፤ አንዳንድ ልጅ ላይ ከባድ አለርጂ ሊቀሰቅስ ይችላል። ይልቅ ሽፍታው ሲወጣ በስልካችሁ ፎቶ አንሱት፤ ልጁ የት እንደነበር፣ ምን እንደነካ፣ ምን እንደጠጣ ጻፉ። በረዶው ምንም ባያሳይ እንኳ ሕመሙ የለም ማለት ስላልሆነ ታሪኩ ራሱ ማስረጃ ነው።

ስለ ጤናችን ስናወራ የማሽንና የመድኃኒት እጥረት እናነሳለን፤ ልክ ነው። ይህችን ልጅ ግን ሦስት ቦታ ያንከራተታት የማሽን እጦት አይደለም። ሐኪሞች ወረፋው እንደሚያስጨንቃችሁ አውቃለሁ። «መቼ ነው የሚወጣባት?» ማለት ግን አንድ ደቂቃ አይፈጅም።